ሰፍነግ ለቤት የኮራል ገንዳ፦ የትኛው ገንዘብ ይገባዋል?

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሱቅ ውስጥ በደማቅ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ቀለሙ የሚጠራችሁን ቅርንጫፋም ሰፍነግ አትግዙ። በብርሃን የሚኖረውን ሰማያዊውን፣ ቦታ ካላችሁ፣ ግዙ። ከሁሉም በላይ ግን ገንዘባችሁን በፍሎሪዳ ባሕር ውስጥ ተቀምጦ ሰፍነግ በራሱ ጊዜ ባደገበት የእርባታ ድንጋይ ላይ አውሉት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለምን እንዲህ እንደምል ነው።

የምጽፈው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሳሎኔ ውስጥ ስላለው ገንዳ ነው። 75 ጋሎን የጨው ውሃ ይይዛል፣ ከሥሩ ሳምፕ (ማጣሪያዎቹ የሚቀመጡበት ሁለተኛ ገንዳ) አለው፣ ኮራሎቹም አብዛኞቹ ለስላሳዎቹና ትልልቅ ፖሊፕ (አፍ ያለው የኮራል አካል) ያላቸው ናቸው። ሰፍነግ የምለው የዕቃ ማጠቢያውን ሳይሆን ሕይወት ያለውን የባሕር እንስሳ ነው። ቡና ልትጠጣ የመጣች አክስቴ ገንዳውን አይታ «ይሄ ደግሞ እንጉዳይ ነው?» ብላኝ ነበር፤ እንስሳ ነው ስላት አላመነችኝም። እውነትም ለማመን ይከብዳል። ልብ የለውም፣ ሆድ የለውም፣ ነርቭም የለውም። ቀኑን ሙሉ ሥራው ውሃ መሳብና መትፋት ነው። ላዩ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውሃ ያስገባል፣ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት የሚወዛወዝ ክራቸውን እያንቀሳቀሱ ውሃውን ይገፉታል፣ ባክቴሪያውንና ደቃቁን ምግብ ለቅመው ያስቀራሉ፣ የተጣራው ውሃ ደግሞ በትልቁ ቀዳዳ ይወጣል። ብዙ ዝርያዎች በአንድ ቀን ውስጥ የራሳቸውን አካል መጠን በሺዎች እጥፍ የሚሆን ውሃ ያሳልፋሉ።

ይህንን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፓምፖቹን ለጥቂት ደቂቃ አጥፉ፣ ከዚያ ደቃቅ ምግብ በሲሪንጅ ወስዳችሁ ከትልቁ ቀዳዳ አጠገብ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ጤነኛ ሰፍነግ ከሆነ ምግቡ ወደ ላይ ሲገፋ ታያላችሁ። ሱቅ ውስጥም ይህንን አድርጉልኝ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እኔ እጠይቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ስለ ሰፍነግ ያለኝን ግምት ከፍ አድርጎታል። ተመራማሪዎቹ ካሪቢያን ውስጥ ኩራሳው አካባቢ ያሉ ሰፍነጎችን አጥንተው ያገኙት ነገር ይህ ነው፦ ኮራልና አልጌ ወደ ውሃው የሚለቁትን፣ የሟሟና ለአብዛኛው እንስሳ የማይበላ ንጥረ ነገር ሰፍነጉ ይመጠዋል፤ ከዚያ የራሱን ሕዋሳት ቶሎ ቶሎ እያራገፈ ለትሉም ለሸርጣኑም የሚበላ ምግብ አድርጎ ይመልሰዋል። ይህንን ስፖንጅ ሉፕ፣ የሰፍነግ ዑደት፣ ይሉታል። ምግብ የሌለው በሚመስል ንጹሕ ባሕር ውስጥ ያን ሁሉ ፍጥረት ከሚያኖሩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። እንግዲህ ሰፍነግ ለገንዳችሁ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛም ነው። ሠራተኛ ደግሞ ይበላል።

የሚበላው ግን እኛ የማናየውን ነው። የኮራል ገንዳ የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ገንዘቡን የሚያወጣው ያንን የማይታየውን ነገር ከውሃ ውስጥ ለማስወገድ ነው። ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ስኪመር፣ የማጣሪያው ከረጢት፣ ጀርም የሚገድለው ዩቪ መብራት፣ ሁሉም የሰፍነጉን ምሳ ነው የሚወስዱት። ውሃው መስታወት መስሎ ሲጠራ እንግዳው ያደንቃል፤ ሰፍነጉ ግን ይራባል።

ወደ ቀዮቹ እንምጣ። ሬድ ትሪ ስፖንጅ፣ ኦሬንጅ ፓድል፣ ሬድ ቦል እየተባሉ የሚሸጡት ናቸው። ውበታቸውን አልክድም፤ ከኮራሉም ከዓሣውም ቀድመው ዓይን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ነገር ግን እነዚህን ብርሃን አይመግባቸውም። የሚኖሩት ከውሃው በሚያጣሩት ብቻ ነው። የሚከፋው ደግሞ ረሃባቸው ቶሎ አለመታየቱ ነው። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቀለማቸው እንደደመቀ ይቆያል። ባለቤቱ «ይኸው ተሳካልኝ» ብሎ ለጓደኛው ፎቶ ይልካል፤ ሰፍነጉ ግን በዚያው ጊዜ የራሱን አካል እየበላ ነው። ቆይቶ ጫፉ ላይ ነጣ ያለ ስስ ሽፋን ይወጣል። ከዚያ በኋላ መትረፉ አጠራጣሪ ነው። ሲሞት ደግሞ ብቻውን አይሞትም፤ ይበሰብስና አሞኒያ ይለቃል፣ ትንሽ ገንዳ ከሆነ ዓሣውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። የነጣውን ክፍል ውሃ ውስጥ እንዳለ በንጹሕ ምላጭ ቁረጡ፣ ጤናማ ቀለም እስክታገኙ ድረስ። ጥላ ያለበት፣ ውሃው መጠነኛ እንቅስቃሴ ያለው ቦታ አኑሩት። ኃይለኛ ብርሃን ሥር ከተቀመጠ አልጌ ላዩ ላይ ይበቅልና ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። ደለል ካረፈበት ከሩቅ በትንሽ የውሃ ግፊት አራግፉለት። ጤናማው ክፍል አንዳንዴ ይተርፋል። እንዲያም ሆኖ ለአዲስ ገዢ ቀዩን ከአምስት አንድ ኮከብ ብቻ ነው የምሰጠው። አንዱንም ኮከብ የሰጠሁት በተለይ ለእንዲህ ያሉ እንስሳት ብለው ገንዳ ለሚያዘጋጁና በቀን ብዙ ጊዜ ለሚመግቡ ሰዎች ስል ነው።

ስለ አየር ደግሞ ቆም ብዬ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰፍነግ የሚሞተው ገና ቤት ሳይደርስ ነው። ሰፍነግ ከውሃ ሲወጣ በውስጡ ባሉት ቀጫጭን መተላለፊያዎች ውስጥ አየር ይገባል። አየሩን የሚያስወጣበት ብዙ ዘዴ የለውም። አየሩ የዘጋው ቦታ ውሃ አያገኝም፣ ውሃ ያላገኘው ሥጋ ይሞታል፣ የሞተው ይበሰብሳል፣ ብስባሹም ወደ ጎን ይዛመታል። ባሕሩ ሲሸሽ አየር ላይ መቆየት የለመዱ ዝርያዎች አሉ፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ከእነሱ ይሁን አይሁን ግን በዓይን ለይቶ መገመት ያዳግታል። አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩ ቀዩን ሰፍነግ በደንብ እንዳየው ብሎ በእጁ ከውሃው አውጥቶ ከፍ አድርጎ ያዘው። ውሃው ሲንጠባጠብ ነበር። ከዚያ መልሶ ከተተውና ዋጋውን ነገረኝ፤ ሲጨምርበትም «ምንም ምግብ አይፈልግም» አለኝ። በጣም አዘንኩ፣ ነገርኩትም፣ ሳልገዛ ወጣሁ። ሱቅ የምመዝነው በዚህ ነው። ጥሩ ሻጭ ፌስታሉን ገንዳው ውስጥ ያወርድና ሰፍነጉን ከነድንጋዩ እዚያው ውሃ ውስጥ ይከተዋል፣ አንዴም አየር ሳያስነካው።

ቤትም ስትደርሱ እንደዚያው ነው። ፌስታሉን ገንዳው ላይ አንሳፉ፣ ሙቀቱ ይስተካከል። ከዚያ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ከነውሃው ገልብጡትና የገንዳችሁን ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ጨምሩ፣ የሞላውን እያፈሰሳችሁ፣ የሱቁ ውሃ በእናንተ ውሃ እስኪተካ ድረስ። መጨረሻ ላይ ዕቃውን በሙሉ ገንዳው ውስጥ አጥልቃችሁ ሰፍነጉን አውጡ። ጓንት አድርጉ። ብዙ ሰፍነጎች አካላቸውን የሚደግፉት ከሲሊካ (መስታወት ከሚሠራበት ማዕድን) በተሠሩ ጥቃቅን መርፌዎች ነው፤ መርፌዎቹ ቆዳ ውስጥ ይገባሉ። በካሪቢያንና በፍሎሪዳ ያለው ፋየር ስፖንጅ የሚባለው ደግሞ ሲነኩት ክፉኛ ያቃጥላል፣ ቆዳ ያሳብጣል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ እጅ ወደ ገንዳ እንዳይገባ ማለት ከጨዋነትም በላይ ነው።

አሁን ሰማያዊው። ሻጮች ብሉ ፎቶሲንተቲክ ስፖንጅ ይሉታል። ሰማያዊ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ እንደ ጆሮ የተጠማዘዘ ነው። ይሄኛው ከሌሎቹ የሚለየው በሥጋው ውስጥ በብርሃን ምግብ የሚሠሩ ሳያኖባክቴሪያዎችን ስለሚያኖር ነው። ስለዚህ ለኮራላችሁ የሰጣችሁት መብራት እሱንም ይመግበዋል። መካከለኛ ብርሃን፣ መካከለኛ የውሃ እንቅስቃሴ፣ ጨዉ በጥግግት መለኪያ 1.025 አካባቢ፣ ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አለቀ። እኔ ጋ ከድንጋዩ ጥግ ተነስቶ ሰፊ ቦታ ይዟል፤ እየቆረጥኩ ለሰው ሰጥቻለሁ፣ የተቆረጠውም ቁራጭ ድንጋይ ላይ በላስቲክ ታስሮ ሲቆይ ይይዛል። ቀለሙ በብርሃኑ መጠን ይለዋወጣል፤ ግራጫ ቢሆንባችሁ ሞተ ብላችሁ አትጣሉት፣ በመጀመሪያ ቦታውን ቀይሩለት።

ጉድለቱ መስፋፋቱ ነው። ዝም ካሉት አጠገቡ ያለውን ኮራል ይሸፍናል። ሰፍነግ መንቀሳቀስ ስለማይችል ቦታውን የሚከላከለው በኬሚካል ነው፤ ኮራል የሚጎዳ ነገር የሚያመነጩ ዝርያዎች ብዙ ናቸው። በነገራችን ላይ ለሰው ልጅ መድኃኒት የሆነውም ይኸው ኬሚካላቸው ነው። ለሉኪሚያ (ለደም ካንሰር) የሚሰጠው ሳይታራቢን የተባለው መድኃኒት የተገኘው በካሪቢያን ሰፍነግ ውስጥ በታዩ ንጥረ ነገሮች መነሻነት ሲሆን በአሜሪካ የተፈቀደው በ1969 ነው። ይህንን ሳስብ ገንዳዬ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ብዙ ጊዜ እቆያለሁ። ለማንኛውም ሰማያዊውን ብቻውን በቆመ ድንጋይ ላይ አድርጉት፣ ውድ ከሆነ ኮራል አርቁት፣ ማጣሪያው ላይ ደግሞ አክቲቬትድ ካርቦን ይኑራችሁ። አራት ኮከብ።

ከሁሉም የምወደው ግን ድንጋዩ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ገንዳ የሚጀምረው በደረቅ ድንጋይ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ተባይ የለበትም፣ ይገባኛል። ነገር ግን ሕይወትም የለበትም። ዓመት ቢቆይም ባዶነቱ ይታያል። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ከባሕሩ ወለል ቦታ ተከራይተው ከየብስ የተፈለፈለ የኖራ ድንጋይ ባሕር ውስጥ የሚያስቀምጡ አርቢዎች አሉ። እዚያ የዱር ድንጋይ ከባሕር ማንሳት በ1990ዎቹ ስለተከለከለ ነው ሥራው በዚህ መንገድ የተስፋፋው። ድንጋዩ ለዓመታት ይቀመጣል፣ ሲወጣ በብርቱካናማ፣ በቢጫ፣ በጥቁር፣ በሐምራዊ ሰፍነግ ተሸፍኖ ነው፤ ቀንድ አውጣውና ትሉ፣ ትናንሽ ኮራሉም አብረው ይመጣሉ። ሰፍነጉ ድንጋዩ ላይ ያደገ ስለሆነ ማንም አልቆረጠውም፣ ሥሩ አልተነካም። ደግሞ አንድ ዝርያ ሳይሆን ብዙ ዝርያ ነው የሚመጣው፤ ገንዳችሁ የማይስማማው ይሞታል፣ የሚስማማው ቀስ ብሎ ቦታውን ይይዛል። ከሱቅ በተገዛ አንድ ቀይ ሰፍነግ ላይ ይህ ዕድል የለም።

ፍሎሪዳና ሰፍነግ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ታርፖን ስፕሪንግስ የምትባለው ከተማ ከ1905 ጀምሮ ከግሪክ የመጡ ጠላቂዎች የገላ መታጠቢያ ሰፍነግ ከባሕር ወለል እያወጡ የኖሩባት ናት። እስከ ዛሬም የግሪክ ምግብ የሚበላባት፣ ሰፍነግ የሚሸጥባት ከተማ ናት። በዚያ የምታልፉ ከሆነ ወደቡን ሳታዩ አትለፉ።

ወደ ድንጋዩ ልመለስ። ርካሽ አይደለም፣ በተለይ ውሃ ውስጥ እንዳለ በአውሮፕላን የሚላከው። ግን ሰፍነግ ከፈለጋችሁ የምትከፍሉት ለዚያ ውሃ ነው፤ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ የመጣው ቢረክስም ላዩ ላይ ያለው ሰፍነግ አብዛኛው አየር ስለሚያገኘው ይሞታል። ዕቃው ኤርፖርት ካርጎ ይደርስና ሄዳችሁ ትቀበላላችሁ። ኤርፖርት የሚሠራ ወዳጅ ካላችሁ የካርጎው በር በየት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁት፣ የመንገደኞቹ በር ላይ እንዳትንገላቱ። ልክ እንደደረሰ ኮራል ወዳለበት ገንዳ አትክተቱት። ማሞቂያና ፓምፕ ያለው ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል አዘጋጁ፣ እዚያ ይቆይ። በየቀኑ አሽትቱ፣ አሞኒያውን ለኩ። የላመና የነጣ፣ የሚሸት ነገር ካያችሁ በቱቦ ሳቡት፣ ውሃውን ቀይሩ። በሌሊት በቀይ ባትሪ ተመልከቱ፤ ማንቲስ ሽሪምፕና ጸጉራም ሸርጣን ጉድጓድ ውስጥ ተደብቀው ይመጣሉ፣ ትናንሽ ዓሦችንም ይዘው ይበላሉ። ይህ ሁሉ ጣጣ እያለውም አምስት ኮከብ ነው የሰጠሁት። የሳሎኔ ገንዳ ከድንጋዩ በኋላ ሌላ ገንዳ ሆኗል። ከድንጋዩ ሆድ ሥር፣ ብርሃን በማይደርስበት በኩል፣ እኔ ያላስቀመጥኩት ቢጫ ሰፍነግ ወጥቶ አየሁ፤ አሁን በመስታወቱ ጎን በኩል ይታያል።

በነጻ የሚመጡትንም ልጥቀስ። ሳምፕ ውስጥ፣ ቱቦ ላይ፣ ጨለማ ቦታ ሁሉ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ነጭ፣ ጫፉ ላይ የጸጉር አክሊል ያለው ነገር ካያችሁ ሳይኮን የሚባለው ሰፍነግ ነው። ብዙ ሰው ተባይ መስሎት ይፍቃል። ጉዳት የለውም። አጽሙ ከካልሲየም እንጂ ከሲሊካ ስላልሆነ በአርኦ ማጣሪያ (ሲሊካን ጭምር ከውሃ በሚያወጣው) በነጻ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥም ይመቸዋል። በአንድ ወቅት ይበዛል፣ ከዚያ ይቀንሳል። የፓምፕ ማስገቢያ ከደፈነ ብቻ ጥረጉት። ለእነሱ ብዬ ከሳምፑ አንዱን ክፍል መብራት ሳላደርግበት ትቼዋለሁ።

አንዱ ግን ይለያል። ክሊዮና የሚባለው ቦርቧሪ ሰፍነግ በካልሲየም ድንጋይና ዛጎል ውስጥ እየሰረሰረ ይገባል፣ ላዩ ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ተራ ድንጋይ ላይ ከሆነ ተዉት። የጠንካራ ኮራል አጽም ውስጥ ከገባ ግን ኮራሉን ከተነካው በላይ ቆርጣችሁ በአዲስ ድንጋይ ላይ ትከሉት።

ዓሣን በተመለከተ በጣም አጭር ነው። ትልልቆቹ ኤንጅል ፊሾችና ሙሪሽ አይዶል በባሕር ውስጥ ዋና ምግባቸው ሰፍነግ ነው። እነሱ ካሉ ሰፍነግ አትግዙ፣ የፍሎሪዳውን ድንጋይም አትግዙ፣ ለቁርስ ነው የምታቀርቡላቸው። በመዳብ የተሠራ የዓሣ መድኃኒትም ኮራልና ሰፍነግ ያለበት ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

የመጨረሻው ነገር በጠርሙስ የሚሸጠው ፋይቶፕላንክተን፣ ማለትም በውሃ ውስጥ የሚኖር ደቃቅ አልጌ ነው። «ለሰፍነግ ምግብ» ተብሎ ይጻፍበታል። ግማሽ እውነት ነው። አብዛኛው ሰፍነግ በዋናነት የሚለቅመው ባክቴሪያን የመሰለ እጅግ ደቃቅ ነገር ስለሆነ ብዙው የጠርሙስ አልጌ ይተልቅበታል፤ ግን ፋይቶው ባክቴሪያውንም ደቃቅ እንስሳቱንም ስለሚያበዛ በተዘዋዋሪ ይደርሰዋል። ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠውን፣ ሕያው የሆነውን፣ ቀኑ ያላለፈበትን ግዙ። መደርደሪያ ላይ ለወራት የቆመውን ተዉት። በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ስጡ፣ ስኪመሩን ለጥቂት ሰዓት አጥፉ፣ ናይትሬትና ፎስፌቱን በየሳምንቱ ለኩ፤ ወደ ላይ መውጣት ከጀመሩ መጠኑን ቀንሱ። ከጠርሙሱ ይልቅ ግን የሚጠቅመው ዓሣችሁን በደንብ መመገባችሁ ነው። በደንብ የበላ ዓሣ የሚጥለው ነገር ባክቴሪያውን ያበዛዋል፣ ባክቴሪያው ሰፍነጉን። ለፋይቶው ሦስት ኮከብ።

ኤይላት ያላችሁ አንባቢዎች ባሕሩ ቅርብ ነውና ለምን አላነሳም እንዳትሉ፤ እዚያ ኮራሉም ኮራሉ የሠራው ቋጥኝም በሕግ የተጠበቀ ነው። ጂዳና ዱባይ ያላችሁም የአገሩን ሕግ ሳትጠይቁ ከባሕር ምንም አታውጡ። አሜሪካ ያላችሁ ድንጋዩን የምታዙ ከሆነ በጸደይ ወይም በመኸር እዘዙ። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ፣ ጥር ላይ ቅዝቃዜው ካርጎው ቆሞ በሚጠብቅበት ሰዓት ሰፍነጉን ይጨርሰዋል።